ሁሉንም «አንድ» ያለው ወንድሜ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ዱባለ፤ ሆሳዕና።

እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? ኮሮናው እናንተም ዘንድ ገባ ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ይዞኛል፤ ገበያ ሲወጡ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ ይሆን? እኔና ወንድሜ አቢሶ ተመስገን፣ ከበሽታው ተርፈናል። ሌላውን ግን ሳልደብቅ ልጻፍልዎ።

አሁን እንጀራዬ እዚህ ጆሃንስበርግ መጠይቅ ማስሞላት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ክፉ ሲገጥመው በምን ዓይን የማየት ልማድ እንዳለው ይለካል፤ እኔ እዚህ ስፓዛ በሚሏቸው የሰፈር ሱቆች እየዞርኩ የአገራችንን ልጆች በአማርኛ እጠይቃለሁ። «ችግር ሲመጣ ያጠፋኛል ብለህ ታስባለህ?» እላለሁ። በጭራሽ የማያስብ «አንድ»፣ ሁልጊዜ የሚያስብ «አምስት» ይለኛል።

ዛንድስፕሩት በሚባለው ሰፈር ሱቅ የከፈተውን አቢሶንም ጠየቅኩት። ከፍርግርጉ ኋላ ዳቦ እያቀበለ፣ እየሳቀ፣ ለሃያውም ጥያቄ «አንድ» አለ። ጎረቤቱ ባለሱቅ ሽጉጤ ሁሉንም «አምስት» ስላለ ሁለታችንም ሳቅንበት። አለቃዬ የአቢሶን ወረቀት አይታ ልበ ሙሉ ሰው ነው ስትለኝ ኮራሁ።

ልማድ መሆኑን ለማረጋገጥ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መጠይቅ እንደግማለን። ስመለስ ሽጉጤ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። የአቢሶ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ጎጎ የምንላት አሮጊት ደንበኛው የውጭ ሰው ሱቅ የሚዘርፉት እሑድ እንደሚመጡ፣ ወንድሜን ይዤው እንድሄድ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ለመንኩት። «ሰፈሩ ያውቀኛል፤ ማን ይነካኛል?» አለ። አሁንም ሁሉንም «አንድ» አለኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ግን ቆርቆሮውን ሰው በሚያሾልክ ልክ ቆርጦታል። ምንድን ነው ስለው ለአየር ነው አለኝ። የተባልኩትን ጻፍኩ፤ ላየሁት ነገር መጠይቁ ላይ ቦታ የለውም።

እሑድ መጡ። ከእርሱ በፊት ያሉትን ሁለት ሱቆች እየሰባበሩ ሳሉ አቢሶ በቀዳዳው አምልጦ ሮዘተንቪል እኔ ቤት ደረሰ። ሙሉ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ማክሰኞ ጭምብሉን አጥልቆ ተመልሶ ያልደረሱበትን ሱቁን ከፈተ። የተቀሩት ሱቆች ተራቸውን ይጠብቁ ተብሏል።

ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር። በስልክ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ለምትመጣው ለራዚያ ሰጠሁ። አባቴ፣ እኔን አይሰማም። ከወገብዎ በቀር ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ግን በጠና ታምሜያለሁ ብለው ይጥሩት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ይህን ግን አያንብቡላት። እህቴን ሰብለን፣ ትንሹን ኪዱንም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ትንሳኤ
ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.