ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት ቤት

ሆሳዕና፣ እሑድ ታኅሣሥ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዶዮገና ዘንድሮ ውርጩ እንሰቱን አቃጠለው ሲሉ ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንቺን ጉልበት ነው። አጎቴ ተረፈስ ደህና ነው? ላሚቱስ? እኔ በጌታ ቸርነት በአካል ደህና ነኝ። ሌላውን ወደ ታች ታነቢዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ ለአጎቴ አትስጪው። እስከ ዛሬ የላክሁልሽን ሁሉ ያነበበልሽ እሱ ነው፤ እኔም እሱ ጮክ ብሎ ሊያነበው የሚችለውን ብቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ማንበብ ችለሻል። ፊደሎቹን ትልልቅ ያደረግኋቸው ላንቺ ብዬ ነው። ያልገባሽን ደጋግመሽ አንብቢው እንጂ ማንንም አትጠይቂ። በፖስታም አልላክሁትም፤ ለሐሙስ ገበያ መጥታ እስከ ዛሬ የቆየችው ብርቅዬ ቅቤዋን ሸጣ ስትመለስ በእጇ ታደርስልሻለች።

በገዛ እጅሽ የጻፍሽልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰኝ። አንዷን ገጽ ለመጨረስ አራት ቀን እንደፈጀብሽ፣ ከደብዳቤ ቅቤ መናጥ እንደሚቀል ጽፈሻል። ስለ ምጽዋው ጉዟችን የጠየቅሽኝን ሁሉ በተራ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ባሕር ስገባ ምን እለብሳለሁ፣ ባሏ የሞተባት ሽበታም ሴት እግሯን ገልጣ ውኃ ስትንቦጫረቅ ሰው ምን ይላል ብለሻል። ባሕር ኃይል ያገለገለውን የሒሳብ መምህራችንን ማቴዎስን ጠይቄው ነበር፤ የአገሩ ሴቶች ከነቀሚሳቸው ነው የሚገቡት፣ ዞሮ የሚያያቸውም የለም አለኝ። ከምጽዋ ፊት ለፊት ወዳለችው ደሴት የሚወስደው ጀልባ በሸራ ነው የሚሄደው፤ የሚቀዘፍ ትንሽ ጀልባም አለ፤ ዋና የማይችል ሰው በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ተኝቶ ይንሳፈፋል። አሸዋው እንደ ቡላ ነጭ ነው ይላል። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው በሸክላ ምድጃ ይጠብሱትና በሰፊ ቂጣ ይበሉታል። አንቺ ደግሞ ዓይኑን ካላወጡለት አልቀምስም፣ የአሥር ቀን ቆጮ ይዤ ነው የምመጣው ብለሻል። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ ታች ስወርድ የጎረቤታችንን የእትዬ ገነቴን መያዝ አነበብኩ።

እማዬ፣ ማን እንደጠቆመባት አልታወቀም ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ ካቃተሽ አስቀምጪውና ነገ ቀጥዪ። እኔም ይህችን መስመር ጽፌ ለረጅም ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የአውራጃው አርአያ አስተማሪ ተብዬ ስሸለም፣ ፈተናውን ካለፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቋ አንቺ ስለሆንሽ እናትና ልጅ አብረው ምጽዋ ይሂዱ ተባለ። ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ኅዳር መጨረሻ ላይ የሆነውን ነው። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ዳኘ ቢሮው አስጠራኝ። ያን ቀን የምስክር ወረቀቱን የሰጠኝ ሰውዬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን በር ሲታሸግም ማኅተሙን የያዘው እሱ ነበር። ዶዮገና ውስጥ ማክሰኞና ዓርብ በድብቅ የሚዘመርበት ቤት አለ፣ የእናትሽም ስም ይነሳል አለኝ። እኔ ፊደል አስቆጥራለሁ እንጂ የሚጸልይ ሰው አልቆጥርም አልኩት። ሳቀብኝ። እናትሽ ቅቤ ትሸጣለች ሲሉኝ አፍሽም የሚለሰልስ መስሎኝ ነበር አለ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "አስተማሪ፣ እኔ እናትሽን አልፈልግም። አንድ ቤት ብቻ ነው የምፈልገው። የማን እንደሆነ ጽፈሽ ፈርሚና ወደ ባሕርሽ ሂጂ።"

እትዬ ገነቴ ልጇን ልታርስ ጊምቢቹ እንደሄደች፣ እስከ ፋሲካ እንደማትመለስ፣ ቤቷም ተቆልፎ እንደሚከርም በጥቅምት አጎቴ ጽፎልኝ ነበር። እኔም የተማርኩ ነኝ፣ ብልጥ ነኝ፤ የተቆለፈ ቤት ማን ይጎዳል ብዬ የእሷን ቤት ጻፍኩ። ወጥቼም ዳኘን አሞኘሁት ብዬ በኩራት መንገድ ለመንገድ ሄድኩ። እሱን በመዋሸቴ ዛሬም አልጸጸትም። እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት ከልጅ እጅ የሚቀበል ሰው እውነት አይገባውም።

ግን ላሚቱን ለሌላ ሰው አላምንም ብለሽ፣ እኔና አንቺ ባሕር እስክናይ እንድታልብልሽ እትዬ ገነቴን ከጊምቢቹ እንዳስመጣሻት በምን ልወቅ! ቤቱ ተዘግቶ ሲያዩት ዝም ብለው ያልፉ የነበሩት የዳኘ ሰዎች ደብዳቤሽ ከመድረሱ ሳምንት ቀድሞ፣ ሐሙስ መጥታ እሳት ስታነድ ጭሱን አይተው ቅዳሜ ገቡ። የመዝሙር ደብተሯንም አገኙ። ያን ጽሕፈት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ "ዘ"ን ሁልጊዜ ገልብጣ ነው የምትጽፈው።

ስትወሰድም ቤቱም የእኔ ነው፣ ጸሎቱም የእኔ ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም ብላ እንደጮኸች ጽፈሻል። ያንቺን ቤት ነው የሸሸገችው።

እዚሁ ሆሳዕና እስር ቤት አምጥተዋታል። ዓርብ ምግብ ይዤ ሄጄ ነበር። በረኛው ምኗ ነሽ አለኝ። ጎረቤቷ ነኝ ማለት እችል ነበር፤ አስተማሪዋ ነኝ ማለትም እችል ነበር። ሳህኑን ዘረጋሁለት። "ሴትዮ፣ አፍሽን ቤትሽ ረስተሽው መጣሽ?" አለና ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። ሳህኑን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ያን ምግብ እስካሁን አልበላሁትም፤ አልደፋሁትምም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ካልጻፍኩ ይህን ሁሉ መጻፌ ዋጋ የለውም። አንቺ ይህን ስታነቢ ልጄ እኔን ለማዳን ብላ ነው ትያለሽ፤ ለእትዬ ገነቴም፣ ለምእመኑም እንዲያ ትያለሽ። አትበይ። ዳኘ ቲኬቶቹን ሲያወጣ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ቲኬቶቹ ላይ ነው። ስሜን ከነአባቴ ስም ተጽፎ አየሁት። ሰማያዊ ውኃ፣ ጀልባ፣ ብርድ የሌለበት አገር ታየኝ። ያንቺ ፊት የመጣብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ግን ቆይቶ ነው። ባሕሩን ፈልጌው ነበር፣ እማዬ። ዳኘን መዋሸቴም፣ ተገፍቼ መጻፌም ይህን አይለውጠውም።

ትናንት ዳኘ ዘንድ ሄጄ ወረቀቴን መልስልኝ አልኩት። ወረቀት ከእኛ ቤት አይመለስም፣ ሌላ ወረቀት ይደረብበት እንደሆነ እንጂ አለ። እንግዲያውስ እደርብበታለሁ። ዛሬ ጽፌ ጨርሼዋለሁ። የመዝሙር ደብተሩ የእጅ ጽሕፈት መልመጃ እንደሆነ፣ የወደዳችሁትን ገልብጡ ብዬ ተማሪዎቼን ያዘዝኩት እኔ አስተማሪዋ እንደሆንኩ ጽፌአለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ደብተሩን በቀይ ብዕር ያረምኩበት ምልክትም አለበት። ቤቷ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ተቆልፎ እንደነበርና ማንም እንዳልተሰበሰበበት፣ ያንን ቤት የጻፍኩት ሆን ብዬ እንደሆነ ጽፌአለሁ። የተደረገው መዝሙር ማስተማር ከሆነ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ያንቺ ስም የለበትም። ነገ ጠዋት ከሁለቱ ቲኬቶችና ከምስክር ወረቀቱ ጋር ለዳኘ አለቃ ነው የምሰጠው፤ ሦስት ሰው ባለበት ቢሮ፣ ጮክ ብዬ አንብቤው። ማስተማር ነውና የሸለሙኝ ይስሙኝ።

ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ለጉዞው ብለሽ ሆሳዕና እንዳትመጪ። ማክሰኞና ዓርብ ደጅሽን ዝጊ፤ ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለዘላለም አይደለም። አጎቴ ጉዞው ለምን ቀረ ካለሽ መንገዱ ተዘጋ በዪው፤ እኔም ስዋሸው ነው የኖርኩት፣ አንድ ይጨመርበት። እትዬ ገነቴ ስትመለስ ያደረግሁትን አንቺ ንገሪያት። ሳትቀንሺ ንገሪያት። ይቅርታ ግን አትለምኚልኝ፤ እሱን እኔ ነኝ ፊቷ ቆሜ የምለምነው። ብትቆጣኝም ነገሩን እንዳታበርጂው። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ከነገ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ አድራሻ አትጻፊልኝ። ብርቅዬ በየሐሙሱ ትመጣለች፤ የት እንደምታገኘኝ ታውቃለች። የአባዬን ወፍራም ሹራብ በእሷ ላኪልኝ። የእስር ቤቱ ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል ይላሉ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን አይንሳሽ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። እኔንም ከመባረክሽ በፊት እሷን ባርኪያት።

ልጅሽ