መቶ በመቶ ለዳነው የእትዬ ተሻለች ጉልበት

ለክቡር ጓድ ሊቀመንበር
የጉልበት ቀዶ ሕክምና ውጤት አጥኚ ኮሚቴ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ ከጤንነትዎም ውስጥ በተለይ የሁለቱን ጉልበቶችዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። በኮልፌና በቀራንዮ መካከል የምንኖር እኛ፣ ከዳገቱና ከጭቃው በስተቀር፣ ደኅና ነን። ደኅና መሆናችን በእርስዎ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ አንዳንዶቻችንን ቢያመንም እንኳ አመመን ለማለት ይሉኝታ ይዞናል።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴዎ የላከልን ባለ አሥራ አራት ገጽ ሪፖርት ለመጽሔታችን ደርሷል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚደረገው ጉባኤ ላይ ከመቅረቡ በፊት «ለአንባቢ በሚጥም ቋንቋ» እንድናወጣው ስለታዘዝን፣ እኔም የሚጥም ነገር ስፈልግ ገጽ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ። በሰፈራችን ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አርባ አንድ ሰዎች አርባ አንዱም በስድስት ወር ውስጥ ያለ ረዳት መራመድ ችለዋል ይላል። መቶ በመቶ! ክቡርነትዎ፣ በእኛ ሰፈር መቶ በመቶ የተሳካ ነገር አይተን ስለማናውቅ፣ ድንገት እንግዳ እንደመጣበት ሰው ምን እንደምናቀርብለት ጠፋን።

ዝቅ ብዬ ሳነብ ደግሞ ሕመምተኛ ቁጥር ሠላሳ አንድን አገኘሁ። «ሴት፣ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ ሥራ ፍራሽ መስፋት፣ ውጤት እጅግ አጥጋቢ።» እኚህ ሴት ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩት እትዬ ተሻለች ናቸው። ፍራሽ ለክቡርነትዎ የሚተኙበት እንጂ የሚንበረከኩበት ስላልሆነ፣ እንዴት እንደሚሰፋ ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ። ጥጡ ከተሞላ በኋላ ሰፊዋ ላዩ ላይ ትወጣና፣ በጉልበቷ ተጭና ይዛ፣ ረጅሙን መርፌ ከወዲያ ወዲህ ታሳልፋለች። እትዬ ተሻለች ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ካለፈው መስከረም፣ ማለትም እጅግ አጥጋቢ ውጤት ካገኙ ወዲህ፣ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ አጣና ቀጥ ብሎ ስለቀረ፣ አንድ ትራስ እንኳ አልሰፉም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከበር ወዲያ ያለው ግን ሌላ አገር ሆኖባቸዋል።

እንግዲህ በክቡርነትዎ ትዕግሥት ተማምኜ ጥቂት ቅሬታዎችን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ኮሚቴዎ ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ የሕመምተኞቹን ስም ለቀበሌያችን ልኮ፣ እሑድ ጠዋት አዳራሽ ይገኙ ማለቱ ከነዳጅ ቁጠባ አንጻር የሚያስመሰግን ነው። ቀበሌውም ለጉልበት ብሎ ለብቻው ከሚሰበስበን ከመደበኛው የእሑድ ስብሰባ ጋር አዳበለው። እርስዎ ከከተማው ወዲያ ማዶ ስለሚኖሩ ላይሰሙ ይችላሉ እንጂ፣ ከእሑድ ስብሰባ የቀረ ሰው የስኳርና የሳሙና ካርዱ ይያዝበታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ መጣ። በክራንች የመጣ አለ፣ በጋሪ የመጣ አለ። እትዬ ተሻለች የመጡት በጎማ ጠጋኙ በሰይፈዲን ጀርባ ላይ ታዝለው ነው። ነጠላቸውን ከኀፍረት የተነሣ እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ የማይታጠፈው እግራቸው እንደ ጠመንጃ ወደፊት ተቀስሮ፣ መንገደኛው ግራና ቀኝ መንገድ እየለቀቀላቸው ዳገቱን ወጡ። መንገድ ላይ ሰይፈዲን፣ «እትዬ፣ አንገቴን ትንሽ ለቀቅ ያድርጉልኝ፤ እኔም ስብሰባው ላይ የምፈለገው በሕይወት ነው» ማለቱን ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል።

በሩ ላይ ስም የሚጠሩት ጓድ መኳንንት የያዙት ቅጽ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ «ተገኝቷል» እና «አልተገኘም»። እሳቸው በሐቅ «ተገኝተዋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ያ ምልክት ኮሚቴዎ ዘንድ ሲደርስ «ያለ ረዳት ይራመዳል» ሆነ። ከአዳራሹ በር እስከ ገጽ ዘጠኝ ባለው መንገድ ላይ ሰይፈዲን የት እንደወደቀ ጥናቱ አይገልጽም። ስለ ምርምር ክብር ሲባል፣ ቢያንስ ከሕክምና መሣሪያዎቹ ተርታ ስሙ ቢጠቀስ ምን ነበረበት?

2ኛ/ ሕመምተኛ ቁጥር አሥራ ሰባት የሆኑት አቶ በዛብህ ከስብሰባው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በሳንባ ሕመም አርፈው፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቀብረናቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብሌ ይህንኑ ለማስታወቅ ጥቁር ለብሰው መጥተው፣ የባላቸው ስም ሲጠራ ደንግጠው «አቤት» ስላሉ፣ ሟቹም ተገኝተዋል። ሪፖርቱ ስለ እርሳቸው «ሕመም አይሰማውም» ይላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

3ኛ/ እትዬ ተሻለች ሕመሙ ሲበረታባቸው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። በውይይት ታክሲ ነው የሄዱት፤ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ በሚቀመጥበት መኪና ላይ የማይታጠፍ እግር ማረፊያው የሰው ጭን ስለሆነ፣ የማያውቁት ሰው ጭን ላይ ዘርግተውት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይቅርታ ሲጠይቁ ነበር። ካርድ ክፍል ሲደርሱ ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ አየችና በትሕትና እንዲህ አለቻቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ ድነዋል። ለዳነ ሰው ካርድ አናወጣም።»

«እንግዲያው ይህን እግር የማን ልበለው?» አሏት። ጸሐፊዋ መዝገቡን እንደገና ገለጠች፤ የእግር ባለቤት የሚል ዓምድ የለውም።

ሪፖርትዎ ግን ገጽ አሥራ ሁለት ላይ መልስ አለው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀር ሕመም ያለው ጉልበቱ ላይ ሳይሆን፣ ሕመምን ወደ አንጎል በሚያደርሰው የአከርካሪ ውስጥ የነርቭ መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ሕመም ማመላለስ ስለለመደ፣ የሚያመላልሰው ባይኖርም ሥራውን አያቆምም ይላል። አንድ የማውቃቸውን ሐኪም ብጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ እንዳለ ነግረውኛል፤ ስለዚህ በሳይንስ አልቀልድም። ስሜት ያለ እረፍት የሚመላለስበት፣ ክረምት የማያፈርሰው መንገድ በእትዬ ተሻለች ጀርባ ውስጥ መኖሩ እንዲያውም አኩርቶናል፤ መሐንዲሱ የኮልፌንም እንዲሠራልን አደራ። ሆኖም እኚሁ ሐኪም፣ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ከማለት በፊት ጉልበቱን ይዞ አጥፎ ማየት የተለመደ ነው አሉኝ። የእትዬ ተሻለችን ጉልበት፣ የቁስሉ ስፌት ክር ከወጣ ወዲህ፣ ከኮሚቴዎ አንድም ሰው አልነካውም።

4ኛ/ አራተኛው ቅሬታ በእኔው ላይ ነው። በዚያ እሑድ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሰይፈዲን ሲገባ ከሌላው ጋር ስቄያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ክሩን ያወጡላቸው ሐኪም፣ ጉልበቱ ከደረቀ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ታይቶ ካልተፈታ ለዘለቄታው እንደዚያው እንደሚቀር አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ዓመቱ የሚሞላው እርስዎ ሪፖርቱን በሚያነቡበት በዚያው በመስከረም ወር ነው። ስለዚህ አርባ አንዱን አርባ ቢያደርጉትና እትዬ ተሻለችን ወደ በሽተኝነታቸው ቢመልሱልን፣ ካርድ ይወጣላቸዋል። አቶ በዛብህን ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ። ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ቢጎድል በዓሉ አይቀርም፤ አንዲት ሴት ግን ወደ ፍራሿ ትመለሳለች።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ የሰፈሩን ምስጋና፣ መቆም ከሚችሉት በቁመት፣ ከማይችሉት ደግሞ ከተቀመጡበት እጅ በመንሣት እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከሚታጠፍ ጉልበት ጋር እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ጥሩብርሃን አምሐ
ከኮልፌ፣ ሐምሌ 1976 ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ከኮሚቴዎ ለእትዬ ተሻለች የጥሪ ወረቀት መጣ። በጉባኤው መድረክ ላይ ጥቂት ተራምደው የጥናቱን ውጤት ለእንግዶች እንዲያሳዩ ተጋብዘዋል። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እርሳቸውም ካርድ ተከልክለው ሊያዩዋቸው ያልቻሉትን ሐኪሞች ሁሉ በአንድ ቤት ስለሚያገኟቸው ጥሪውን በደስታ ተቀብለው፣ ማንም እንዳይደግፋቸው አስጠንቅቀውናል፤ ውጤቱ ይበላሻል ብለው ነው። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ስለሚጀመር እርሳቸው ደረጃውን የሚጀምሩት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እየተቀመጡ፣ አንድ አንድ እያሉ። ክቡርነትዎ ሲወጡ መሐል ላይ ያገኟቸዋል። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ለማለፍ ቀኝ እግራቸውን ይሻገሩታል፤ እርሳቸው ሰብሰብ ሊያደርጉልዎ አይችሉም።