የባለ ሽርጧ «እርስዎ»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 1972

እንደ ሁልጊዜው ቅዳሜ። ገና ሳይመሽ ጎረቤቱ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። በዚህ በየካ ሚካኤል ግድም ቴሌቪዥን ያለው የኔ ቤት ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ቤቴ አይደለም... የቀበሌ አዳራሽ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቴሌቪዥኑን ገዝቶ ተመልካቹን ለኔ ትቶልኝ ሄደ።

ከፊት እማማ የማርያምወርቅ። ከእንጦጦ ማርያም ሥር ወደዚህ ሰፈር ከመጡ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም «ወደ ከተማ ወረድኩ» ነው የሚሉት። ከኋላቸው ለይኩን፣ የመጋዘን ጸሐፊው፣ ከሚስቱ ከአፀደ ጋር። የእህቴ ልጅ ሣራ መሬት ላይ።

ፊልሙ ከንጉሡ ጊዜ የተረፈ የፈረንጅ አስቂኝ ነው። ባልየው ባርኔጣውን ሰቅሎ ይገባል። ሚስትየው ሽርጥ ታጥቃ ትቀበለዋለች። የሆነ ነገር አበላሽታለች፣ ትደብቃለች፣ ይደረስባታል፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ አለቀ። ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ባለ ባርኔጣውና ባለ ሽርጧ። እንግሊዝኛውን የምተረጉመው እኔ ነኝ። መጽሔት ላይ ትጽፊ የለም እንዴ፣ ብለው ሾሙኝ።

ዛሬ የባሏን መኪና ከግንብ ጋር አጋጨችው።

«እርስዎ እንዳይቆጡ ብዬ ነው የደበቅሁት» አልኩ፣ እንደ ባለ ሽርጧ ተቅለስልሼ። «አንቺ ሴት፣ መቼ ነው ልብ የምትገዢው?» አልኩ፣ እንደ ባለ ባርኔጣው ድምፄን አጎርንኜ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እማማ የየሳምንቱን ጥያቄ ጠየቁ። «እነዚህ የሚስቁት የት ነው የተቀመጡት? አይታዩም እኮ።»

«ተቀድቶ የገባ ሳቅ ነው እማማ» አለች ሣራ።

«በማን ነው የሚስቁት?»

«በሴትየዋ።»

«ምን አድርጋቸው?»

ይህን ጊዜ ዜናው ጀመረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የቢሯችን ታይፒስት ባሏ ሐረር ተዛወረ፣ ተከትላው ሄደች። የሚተየበው ጽሑፍ ተከምሮ ተራራ ሆኗል። ዋና አዘጋጃችን ጓድ ወልደ ኢየሱስ (ስሙና «ጓድ» አብረው ሲጠሩ እስከ ዛሬ ያስቀኛል) «የምታውቂያት ካለች ንገሪያት፤ ፈተናው ኅዳር ሃያ ስድስት ነው» አለኝ።

አፀደ ትዝ አለችኝ። ከማግባቷ በፊት ታይፕ ተምራለች፤ ጎበዝ ነበረች አሉ። ማታ በአጥሩ በኩል ጠራኋት። አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«እትዬ ለተ፣ እውነትሽን ነው?»

እርጥቡ አንሶላ ላይ ጣቶቿን አሯሯጠቻቸው... ሳታስበው። አየኋት። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«እሳቸውስ?»

እሳቸው ማለት ለይኩን ነው። በዕድሜ ብዙ ይበልጣታል። ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሲርቅ «እሳቸው»፣ ሲቀርብ «እርስዎ»። እሱ «አንቺ»። ክፉ ሰው አይደለም። እንደ አባቱ ነው፣ በቃ።

«ጠይቂዋ» አልኳት። ለመናገር ምን ይቀላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የዓመቱ ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነውና ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ሲያቃጥል ዋለ። እንጦጦ ከጭሱ ጀርባ ጠፋ። አፀደ ዓይኗን እያሸች መጣች፣ በጭሱ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋትም።

«ነገርኳቸው። እናያለን አሉ።»

«እናያለን ደግ ነው» አልኩ።

«ደግ ነው?»

እኔ እንጃ። በአባቴ ቤት «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት ነበር፣ ግን ጥቂት ቀን ይሰጣል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሜ ሁሉ ምነው ዛሬ!

ባለ ሽርጧ ሥራ ያዘች። አዎ፣ ዛሬ! ባሏ ቢሮ ስልክ አገናኝ ሆነች። ሽቦውን ሁሉ አወሳሰበችው፤ ሥራ አስኪያጁን ከሥጋ ሻጭ፣ ሥጋ ሻጩን ከቄስ አገናኘች። የማይታዩት ሰዎች በሳቅ ሞቱ። እኛም አብረን። አፀደም ሳቀች። በመጨረሻ እያለቀሰች ቤቷ ገባች፣ ሽርጧን አነሳች፣ ለባሏ የሆነ ነገር አለችው።

«እርስዎ ልክ ነበሩ፤ የሴት ቦታዋ ማጀት ነው» አልኩ።

ለይኩን ጭኑን በጥፊ መታ። «ሰማሽ አይደል አፀደ? ፈረንጇ እንኳ ሞክራው ተመለሰች!»

«ሰማሁ» አለች።

ሲወጡ በሩ ላይ ቀረት ብላ «እትዬ፣ ፈተናው ይቅር። እናያለን ያሉት አለቀ» አለችኝ። በፈገግታ ነው ያለችው። ያ ፈገግታ ነው የከነከነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ምሳ ላይ ሣራ ሽሮዋን ትታ አፍጥጣ ታየኛለች።

«አክስቴ፣ ማጀቱን ከየት አመጣሽው?»

«የምን ማጀት?»

«ሴትየዋ ያለችው "ልክ ነበርክ፤ እዚህ ይሻለኛል" ነው። ማጀት የሚባል ነገር አልወጣትም። ደግሞ እርስዎ አላለችውም። ዩ ነው ያለችው። እሱም ዩ ይላታል፣ እሷም ዩ ትለዋለች። አንዱ ዩ እርስዎ፣ አንዱ ዩ አንቺ የሚሆነው አንቺ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ፌር አይደለም!»

ልጅቷን ልቆጣት ብዬ ተውኩት፤ እውነቷን ነው። አስቤበት አይደለም። ሽርጥ የታጠቀች ሴት ሳይ አፌ በራሱ እርስዎ ይላል። እናቴ አባታችንን እስከ ቀብሩ ድረስ እርስዎ እንዳለችው ነው።

ግን ሁሉን በኔ ላይስ ማላከክ ይገባል? መኪና ትይዛለች፣ ትሰብራለች። ሥራ ትይዛለች፣ ታበላሻለች። ገንዘብ ትይዛለች፣ ታጠፋለች። አንድ ሳምንት እንኳ ቀንቷት አያውቅም። ይህን የጻፈው ሰው ደህና ስልክ አገናኝ አይቶ አያውቅም? ፊልሙ አርጅቷል፤ የመኪኖቹን መልክ ማየት ይበቃል። ምናልባት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል። እኛ ግን በየቅዳሜው ትኩስ ትኩሱን እየበላነው ነው። እኔ ደግሞ ቅመም ጨምሬበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ጓድ ወልደ ኢየሱስ አስጠራኝ። ስለ ፊልሙ ዓምዴ ላይ እንድጽፍ ይፈልጋል።

«ጠንከር አድርጊው። የከበርቴው ሥርዓት ሴትን እንዴት እንደሚያዋርድ አሳዪ።»

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። «አንቺ ሴት፣ ሥራ ላይ ስሆን አትደውዪ አላልኩሽም?» ጠረቀመባት። ወደኔ ዞረ። «የት ደረስን?»

«ሴትን ማዋረድ ላይ» አልኩት።

ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እሺ... ብዙም አታጠንክሪው» አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ማርያም ናት። እማማ ጠዋት እንጦጦ ወጥተው፣ አስቀድሰው፣ በእግራቸው ወርደው፣ ማታ ደግሞ ከፊት ወንበራቸው ላይ። እኔ በታክሲ ወርጄ ወገቤን ያመኛል።

ወስኜ ነበር። ዛሬ ዩ ሁሉ አንድ ነው።

«የት ነበርክ? እራትህ ቀዝቅዟል» አልኩ በባለ ሽርጧ ድምፅ።

ቤቱ ተቁነጠነጠ። ለይኩን አንገቱን አሰገገ። «ዛሬ ምነው ባለ ሽርጧ ባለገች?»

«ድሮም እንዲህ ነው የምትለው። እርስዎን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያለፈው ቅዳሜ ማጀትም የኔ ነው፤ እሷ አልወጣትም።»

«እንዴት ነው ነገሩ? ስትዋሺን ነበር?»

«ስተረጉም ነበር» አልኩ። ሣራ ብቻዋን ሳቀች።

ፊልሙ ቀጠለ። ባለ ሽርጧ ደብቃ ኮት ገዝታለች። ባለ ባርኔጣው ደረሰባት። ከዚያ... ጎትቶ ጉልበቱ ላይ ደፋት። እንደ ሕፃን ልጅ። በመዳፉ መቀመጫዋን ይመታት ጀመር። የማይታዩት ሰዎች እንደዚያ ስቀው አያውቁም። እኔ የምተረጉመው አልነበረም። እሪታ ምን ትርጉም ይፈልጋል?

እኛ ቤት የሳቀ የለም። እማማ የማርያምወርቅ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ኧረ ገላግሉ! ያ ሁሉ ሰው እዚያው ተቀምጦ ይስቃል? አንድ ገላጋይ የሌለበት ይህ ምን ዓይነት አገር ነው! እኔ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያ ሰውዬ እጁን ሲያነሳ ጫካውን አቋርጦ የሚመጣ ጎረቤት ነበረኝ!»

«ጨዋታ ነው እኮ እማማ» አለ ለይኩን።

አፀደ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «አንተ ብትሆን ጨዋታ ይሆንልህ ነበር?» አለች።

አንተ! ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እሷም የተጠራጠረች መሰለኝ፤ አንገቷ ቀላ። መልሳ ግን አልዋጠችውም።

ለይኩን ወንበሩን አንስቶ ወጣ። አፀደ ዜናው እስኪጀምር ተቀመጠች። ከዚያ የራሷን ወንበር ተሸክማ ሄደች። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ተበተነ። እንደዚያ ጸጥ ብሎ የተበተነ ቅዳሜ አላስታውስም።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከነለይኩን ቤት ድምፅ የለም። ደግ ይሁን ክፉ... አጥሩ ሥር ሁለቴ ቆምኩ። ወሬኛ ነኝ፣ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ወሬ ፍለጋ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

እማማ መጡ። «ነጠላሽን አጣፊ። ልንገላግል ነው።»

«ተጣሉ እንዴ?»

«አልተጣሉም። ተኳርፈዋል። ድሮ ሲደባደቡ ነው የምንገባው፤ ለምን እስኪደባደቡ እንጠብቃለን?»

ለይኩን በሩን ከፈተ። ለእማማ ወንበር አቀረበ፣ ለኔ አላቀረበም። ይገባኛል። አፀደ ጓዳ ነበረች፤ ድምፅዋ ይሰማል እንጂ መልኳ አይታይም።

«እማማ፣ እኔ ምን በደልኩ?» አለ። «ሰው ፊት አዋረደችኝ። ገና ሥራ ሳትይዝ አንተ ያለችኝ፣ ከያዘችማ...»

«እሱን አጥፍታለች፤ ይቅርታ ትበልህ። የሥራው ነገርስ?»

«ቤቴን ማን ያየዋል? የሴት ልጅ ቦታ...»

«ማጀት ነው» አሉ እማማ ቀድመውት። «ስማኝ ልጄ። ያ ሰውዬ ታሞ በተኛ ጊዜ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ተሸክሜ እየወረድኩ ሸጫለሁ። ልጅ አዝዬም ወርጃለሁ። መንገዱን ሙሉ ወንድ ነው የማገኘው። "ቦታሽ ማጀት ነው" ያለኝ አንድ የለም። "ሸክሙ ስንት ነው?" ነው የሚሉኝ! አጎንብሳ ስትሸከም ዝም የተባለች ሴት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ልሥራ ስትል ምነው አገር ተናወጠ?»

ለይኩን መሬት መሬቱን አየ። ሊስቅም ሊቆጣም አልቻለም።

«እንደ ፍጥርጥሯ» አለ በመጨረሻ።

እማማ ይህችን ቃል እንደ ፊርማ ያዟት። «አፀደ! ሰማሽ? ነይ፣ ይቅርታ በዪ።»

ወጣች። «እርስዎን ሰው ፊት መናገሬ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ቀጥላም፣ ጎንበስ እንዳለች፣ «ሐሙስ ግን እሄዳለሁ» አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ተፈተነች። ከሦስቱ ተፈታኞች መጨረሻ የገባችው እሷ። ጣቶቿ ተሳስረውባት የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዳ ጣለችው። ጓድ ወልደ ኢየሱስ ሰዓቱን አየ። ሁለተኛውን ጀመረች... በበሩ በኩል እሰማ ነበር። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ዝናብ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ የኔው ዓምድ ሆነ፣ ስለ ባለ ሽርጧ የጻፍኩት። ከላይ ጓድ ወልደ ኢየሱስ ስለ ከበርቴው ሥርዓት አንድ አንቀጽ ሰክቶበታል፤ እንደ ተውሶ ባርኔጣ ተቀምጧል። የእማማ ገላጋይ ግን ሳይነካ አለፈ። ከዚያ በላይ አልመኝም።

«ለይኩንን አሁንም እርስዎ ነው የምትዪው?» አልኳት።

«አፌ ለምዶታል እትዬ። አንተን ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ።»

ሳቅን። ቤት ግን ቀላል አይደለም። ሽሮው ያርራል፣ ለይኩን ያኮርፋል። አንድ ቀን ምሳውን ራሱ አሙቆ በላ አለች፤ ሰው እንዳታወሪ ብላ አስማለችኝ። ለማንም አላወራሁም። እዚህ መጻፍ ማውራት ነው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

የሚቀጥለው እትም ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ስለሆነ አፀደ አመሸች። ልወጣ ስል ለይኩን በር ላይ ቆሟል፣ ከዘበኛችን ከኤጀታ ጋር።

«ማንን ፈልገው ነው ጌታዬ?» አለ ኤጀታ።

«አፀደን። ባለቤቴ ናት።»

«ወይዘሮ አፀደን? ሥራ ላይ ናቸው። ይቀመጡ፣ ሲጨርሱ ይወጣሉ።»

ለይኩን ወደ ቢሮው መስኮት አየ። የታይፑ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማል። ያን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ለካ። አዳመጠ። ኮቱን ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ሳልፍ አየኝ። ሰላምታውን እንኳ ዘንግቶ፣

«እትዬ ለተ... ብዙ ይቆያሉ እንዴ?» አለኝ።

«ሁለት ገጽ ቀርቷቸዋል» አልኩት።

«እሺ» አለ። «እጠብቃለሁ።»