ያላየሁት ኬላ

ግንቦት 4፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ።

ጉልበቴ ዛሬም አላስተኛኝም። ዘርፌ ጨርቅ በሞቀ ጨው ውኃ ነክራ አሰረችልኝ። ባለቤቴ ስታስር ታጠብቃለች፤ እግር ሳይሆን ነዶ የያዘች ነው የሚመስላት። የሰባተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና ግማሹ ታርሟል። አንዱ ተማሪ ርብ ወንዝ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል ብሏል። ምኞቱ ደስ ስላለኝ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።

ትናንት በአውቶቡስ ከአ/አ ፖስታ ደረሰ። ወፍራም ነው። በሰኔ የፎገራ ተወካይ የሆንኩበት ሸንጎ ሲቀመጥ የእኛ ኮሚቴ የጥበቃና የጸጥታውን ወጪ ይመረምራል። እንመረምራለን ስንል እንግዲህ... ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂናለሽ። አምና በኮሚቴው ፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ ገጽ አሥራ አራት ለምን ሁለት ጊዜ ታተመ? አመሰገኑኝ። በቃለ ጉባኤ ገባ።

ዘንድሮ የፎገራን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። «የወንዛዬ መንገድ ኬላ፤ ቤቱ ተሠርቶ፣ አሥራ ሁለት ዘበኞች ከነስንቃቸው ተመድበውለት በሥራ ላይ ያለ።» በዚሁ አምሳያ ሁለተኛ ኬላ እንዲቆም ወጪው ይፈቀድ ይላል። ከግርጌ፤ «የአካባቢው ተወካይ በአካል ተገኝተው፣ አይተው አረጋግጠዋል።» ስም። ፊርማ። የእኔው ፊርማ ነው። ደግሞ ማማሩ።

ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን። ደወል ተደወለ።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9።

እማማ ጥሩ መጡ። ከተወለድኩበት መንደር፣ ከጉማራ ዳር። የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት። ወንበር ብንሰጣቸው እምቢ ብለው ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም በሬዎቻቸው ተሰርቀዋል። ትናንት ጠዋት በረቱን ቢያዩት ባዶ።

አንደኛው ዳልቻ። ሁለተኛው ቡሬ፤ የፎገራ በሬ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ግራ ጎኑ ላይ የተገለበጠ ማሰሮ የመሰለ ነጭ ያለበት። ባለፈው ዓመት ስሄድ አሳይተውኝ ነበር፤ ልጅ እንደሚያሳዩ። ዝናቡ ጠብ ማለት ጀምሯል። ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። እሳቸው ሰኔ ሳይገባ ካላረሱ የከርሞው ምግባቸው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም።

ለኬላው ምሰሶ ተሸክመዋል። ሣር አጭደዋል። በየመኸሩ ለዘበኞቹ ስንቅ እየተባለ እህል ሰፍረዋል፤ ባል የሌላት ብሎ የማራቸው የለም። ታዲያ ዘበኞቹ የት ነበሩ? ይሄን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሸንጎ ላይ የኛ አፍ አንተ ነህ አሉን። አፋችን ምን አለ?»

ገጽ አሥራ አራት ትዝ አለኝ። እጠይቃለሁ አልኳቸው። ዘርፌ ምሳ አቀረበች፤ ሁለቴ ጎርሰው ተዉት።

ግንቦት 7፣ እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ።

መንደሩ አውጫጭኝ ሊቀመጥ ነው። ለሚካኤል፣ አርብ። የሚያርስ ስለሌለ ሁሉም ይገኛል። አያቶቻችን ሌባ ያወጡበት ሥርዓት ነው፤ አገሩ በሙሉ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም እህል አይቀምስም። እዚያ የተወለደም ይጠራል። እኔም ተጠርቻለሁ።

የወረዳው ተጠሪ ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። ሳቂታ ሰው ነው፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ አብሮ አይስቅም። የፊውዳል ርዝራዥ ነው፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ አስቁም አለኝ። ጸጥታ የሚያስከብር ኬላ እያለ ዋርካ ሥር መሰብሰብ ኬላ የለም ማለት ነው። የሁለተኛው ኬላ ጉዳይ ሸንጎ ሊቀርብ ሲል ደግሞ ጥሩ አይደለም። አንተም ፈርመህበታል፣ አለ በመጨረሻ። እንደ ዋዛ ነው ያለው።

ላስብበት አልኩ። እኔ ላስብበት ስል አዎ ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ልማዴን አጥንቶታል።

ግንቦት 8፣ ሰኞ። የዕረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል።

እሺ። ልናዘዝ። ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን።

አምና በጥር ተጠሪው በመኪና ወሰደኝ፤ ኬላውን አይቼ እንድፈርም። ወንዛዬ ፍል ውኃው ጋ ስንደርስ ሳነክስ አየኝ። አዘነ። መጀመሪያ ታጠብ፣ ኬላው የትም አይሄድም አለ። ገባሁ። ውኃው እስከ አንገቴ። ከስንት ዓመት በኋላ ጉልበቴ የእኔ ሆነ። ስወጣ ጥብስ። ከጥብሱ በኋላ ጠጅ። ኬላው ከጉብታው ጀርባ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረቀቱ መጣ። አሁን ነፋስ ከመታህ ያ ሁሉ መታጠብ ከንቱ ነው ተባልኩ። ለጉልበቴ ስል ፈረምኩ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔንማ እያሞቀ ወሰደኝ።

ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ይሄን የምጽፈው ለመጽናናት ነው፤ አላጽናናኝም። ኬላው ይኖራል ብዬ ነበር፤ ሰው ምሰሶ ሲሸከም አይቻለሁ። ረቡዕ ሄጄ አየዋለሁ። ከዓመት ከአራት ወር በኋላ።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ። ማታ 12፣ ገና ሳይጨልም።

እስከ ጉማራ ድልድይ በጭነት መኪና፤ ከዚያ በተከራየሁት በቅሎ። በፍል ውኃው አጠገብ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ።

ኬላው አለ። አለ ከተባለ። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ ጣራው ግማሽ ነው፣ ሣሩ ረግፏል። አሥራ ሁለት ዘበኛ የለም። ሁለት ነው። አንደኛው ታከለ፤ ስምንተኛን እኔ ዘንድ የጨረሰ፣ ካርታ ሲስል እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ። አሁን ጢም አውጥቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ሲያየኝ ጠመንጃውን አንስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግቢው ተጠርጓል።

«ጋሼ፣ አምና ጠብቀንዎት ነበር» አለኝ።

ተወካዩ ይመጣሉ ተብሎ ተነግሯቸው ኖሯል። ልብሳቸውን አጥበው፣ ግቢውን ጠርገው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ መሣሪያ ይዘው ቆመዋል። የሚሉትን ተማክረው አዘጋጅተዋል፤ በወረቀት አሥራ ሁለት ነን፣ በመሬት ሁለት ነን፣ ስንቁም ከመጣ ወራት አለፈው። ሳልመጣ ስቀር ነገሩን ሰምተውታል ብለው ተዉት። ተመልሶም የጠየቃቸው የለም። ቤተሰባቸው ሩቅ ነው። ጥለው ቢሄዱ ከዳተኛ ይባላሉ። የመንደሩ እህል የት እንደገባ እነሱም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። እዚህ አልደረሰም፤ የኬላው ጎተራ ባዶ ነው።

ጓሮ ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፤ ሁሉንም ልይ ብዬ ይሆናል፣ ከረፈደም ቢሆን። ቆዳ በችካል ተወጥሯል። ጥቁርና ነጭ። ግራ ጎኑ ላይ የተገለበጠ ማሰሮ።

ታከለ ማየቴን አየ። መሬት መሬት አየ። በቅል ውኃ ቀዳልኝ። ጠጣሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ደብተሬ፣ ምን ላድርግ? ብናገር፣ መቼ አየህ፣ አምናስ ምን አይተህ ፈረምክ ይሉኛል። ዝም ብል እማማ ጥሩ።

ግንቦት 12፣ አርብ። ከሰዓት 11።

ተመልሻለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዋርካ ሥር። ቄሱም ሐጂውም ሴቱም። ሦስት ሽማግሌ ተሰየመ፤ ዋናው መሪጌታ ድንቁ። መጀመሪያ በአደባባይ፤ ያየ የሰማ ይናገር። እያንዳንዱ ተነስቶ አላየሁም አልሰማሁም ይላል። ተራዬ ደረሰ። እኔም ተነስቼ፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ድምፄ ጥርት ያለ ነበር፤ የመምህር ድምፅ።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ከዋርካው ጀርባ፣ በሽማግሌዎቹ ጆሮ። እዚያ የሚጠቁመው ወፍ ይባላል። ስሙ እስከ መቃብር አይወጣም። ሁሉም ስለሚሄድ ማን ወፍ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሄድኩ። የቡሬ ቆዳ ኬላው ጓሮ ነው አልኩ። መሪጌታ ፊታቸው አልተለወጠም። የሚቀጥለው ይምጣ አሉ።

ሁሉም ሲያበቃ መሪጌታ ተነስተው ወፊቱ ያለችውን ተናገሩ። ጎልማሶች ሮጡ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ቆዳውን ይዘው፣ ታከለንና ባልደረባውን የፊጥኝ አስረው ተመለሱ። ቡሬን በልተውታል። ዳልቻን ለማያውቁት ነጋዴ ሸጠውታል፤ በገንዘቡ ጤፍ ገዝተዋል። አልካዱም። እማማ ጥሩ ቆዳው ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ ወፊቱን ባውቃት እግሯን እስም ነበር አሉ። አገሩ ሁሉ ወፊቱን መረቀ።

አሜን አልኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ታከለ አይቶኛል። ከትናንት ወዲያ ቆዳውን እንዳየሁ ያውቃል። ለማንም አልተናገረም።

ግንቦት 14፣ እሑድ። ቀን 8 ሰዓት።

ትናንት መንደሩ ለእማማ ጥሩ አረሰ። ጥማድ ያለው ጥማዱን፣ የሌለው ጉልበቱን። እኔ ጉልበቱም የለኝ፤ የዘር ቁና ይዤ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ሳቁብኝ። ደስ አለኝ።

ሊመሽ ሲል መሪጌታ ጠጋ አሉኝ። የሚያውቁትን አያነሱም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ስለ ወፊቱ እንደ ሌላ ሰው ነው ያወሩኝ።

«ወፊቱ ቆዳውን አየች። ባዶውን ጎተራ አላየች ይሆን?»

አይታ ይሆናል አልኳቸው። ወፍ የሚያገለግለው ዋርካ ሥር ነው፤ አዲስ አበባ ዋርካ መኖሩን አልሰማሁም አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ታከለንና ባልደረባውን ወደ ደብረ ታቦር ሲወስዷቸው በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አለፉ። መስኮት ላይ ነበርኩ። ለመቀጣጫ ይረሸናሉ የሚል ወሬ አለ። ወሬ ነው እላለሁ። በእኛ ዘመን ግን ወሬው ከሰውዬው ቀድሞ ይደርሳል።

ተጠሪው ቀትር ላይ መጣ፣ ደስ ብሎት። አውጫጭኙን ረስቶታል። እንዲያውም ስርቆቱ ሁለተኛ ኬላ እንደሚያስፈልግ አረጋገጠልን ይላል። አዲስ ወረቀት ይዟል፤ ሁለት ግለሰቦች አጥፍተዋል፣ የቀሩት አሥር ዘበኞች በመልካም ሥራ ላይ ናቸው። አሥር! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። ያን ጊዜ የተረትኩት በሆዴ ነው። አዲስ አበባ እፈርማለሁ አልኩት። አቀፈኝ።

ግንቦት 23፣ ማክሰኞ። ጠዋት።

ለዘርፌ ሁሉንም ነገርኳት። ፍል ውኃውን፣ ቆዳውን፣ ወፏን። ጨርቁን ከጉልበቴ ፈታች፣ መልሳ አሰረች፤ ላላ አድርጋ።

ብትናገር ታከለን ያተርፈዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ተርቦ መስረቁን መዝገብ ላይ ያሰፍርለታል፤ ሌላውን ፈጣሪ ያውቃል። አንተንስ? አለች። እሱንም አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ።

ሰኔ 3፣ አርብ። ጠዋት 12፣ አውቶቡስ መናኸሪያ።

ዘርፌ ቦርሳዬን ሞልታ አመጣችው። ሱፌ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ጨው በጨርቅ ተቋጥሮ ለጉልበቴ። ከሥር ወፍራሙ ጋቢ። ለሸንጎ ጋቢ ምን ይሠራል አልኳት።

የሸንጎው አይደለም አለች። ሲሚንቶ ላይ ብትተኛ ነው።

የተጠሪው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሳይፈረም። ተነስቼ ስሜን እናገራለሁ፣ የመጣሁበትን እናገራለሁ፤ በጆሮ አይደለም። የምናገረውን ሌሊቱን በሐሳቤ ስጽፍ ስሰርዝ አደርኩ። የመጀመሪያው ቃል ብቻ አልተሰረዘም። ዋርካ ሥር የዋሸሁበት ቃል ነው፤ ለአምናው ፊርማዬ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ዘርፌ ቦርሳውን አልለቀቀችም። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፤ ጓዶች፣ የወንዛዬን መንገድ ኬላ አላየሁም። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ግን አላየሁም። ዘበኞቹ ጠርገው ሲጠብቁኝ እኔ...