ስልኩን የማቋርጠው እኔ ነበርኩ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለመምህር ኤልያስ

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ጋዜጣውን መስኮት ድረስ ይዘው ይሄዳሉ? የእማዬ ደም ግፊት በረደላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔን ግን ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ነገር አለ። በስልክ ብጀምረው ስለማልጨርሰው ነው የምጽፈው።

ልጄ ፍናን የምትማርበትን ትምህርት ቤት ነግሬዎታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ነው፣ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ። ልጆቹ ከፊት ሲማሩ እጩ አስተማሪዎች ከኋላ ተቀምጠው ማስተማር ይማራሉ። እጩ መምህራን ከማሠልጠኛው እየመጡ እርስዎ ክፍል ውስጥ እንዲያ ይቀመጡ እንደነበር አስታውሼ ደስ ብሎኝ ነበር ያስመዘገብኳት።

ያልነገርኩዎት የምዝገባውን ቀን ነው። ቅጹ ቤት ውስጥ የምትነጋገሩት በምን ቋንቋ ነው ይላል። ጓደኛዬ ፀሐይ፣ አማርኛ ብለሽ ከጻፍሽ ልጅቷን ወደ ኋላ ያስቀሯታል ብላ አስፈራርታኝ ነበርና ጣልያንኛ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝም ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛን ከቤቴ አስወጣሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን ያናገርኳት የሰው ቤት ሳጸዳ በለቃቀምኳት ጣልያንኛ ነው።

አባባ፣ ፍናንን አገናኚኝ ባሉኝ ቁጥር መስመሩ የሚቋረጠው ለዚህ ነው። የሮም ኔትወርክ ምንም አልሆነም። አማርኛዋ እንደጠፋባት እንዳያውቁብኝ የማቋርጠው እኔ ነበርኩ። ያን ጉልበት ይዘው ስልክዎን ለማሠራት ገበያ ድረስ መውረድዎን እህቴ ዓይናለም ስትነግረኝ እንኳ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ በጣም አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግሬታ የምትባል እጩ አስተማሪ አስጠራችኝ። ገና ልጅ እግር ናት። ሁለት ወር ከኋላ ሆና የጻፈችውን ገልጣ፣ ፍናን ጣልያንኛ ስትናገር የምትሳሳተው ልክ እኔ የምሳሳተውን ነው አለችኝ። ለካ ለልጄ ያወረስኳት ስሕተቴን ኖሯል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ፣ ሲኞራ ጽገረዳ፣ የራስዎን ቋንቋ ይስጧት፤ ጣልያንኛውን ለእኛ ይተዉልን» አለችኝ። አውቶቡስ ውስጥ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

አሁን በአማርኛ ሳናግራት አፍ አፌን ታየኛለች። ጀምሬያታለሁ፣ ትዕግሥቱ ግን የለኝም፤ ቶሎ እቆጣለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሰውን ልጆች ፊደል ያስቆጠረ አባት እያለኝ፣ የገዛ የልጅ ልጅዎን ከለከልኩዎት። ይቅር ይበሉኝና ያስተምሩልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስደውል ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ።

እማዬን ጉልበትሽን ስማለች ይበሉልኝ። ዓይናለምን እቅፍ አድርገው ሰላም ይበሉልኝ። ወንድሜን ጌጡን ደግሞ ሠርግህ ሲደርስ ብቻ ነው ወይ የምታስታውሰኝ ብላሃለች ይበሉት።

እስከ ዛሬ በየደብዳቤዬ መጨረሻ «ፍናን እጅ ትነሳለች» እያልኩ የጻፍኩት ከራሴ ነበር። አሁን አልጽፍልዎትም፤ እሑድ ከራሷ አፍ ይስሙት።

ልጅዎ ጽገረዳ
ሮም፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.