ለእሜቴ የተከተፈ ጎመን

ለእህቴ ልጅ፣ ለተራራዋ ባለርስት፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያን ነፋስ እንዴት ቻልሽው? ኩኔኩኔ የምትያቸው ፀጉራም አሳማዎችሽስ? እሜቴንና ግልገሎቿን ጎንበስ ብለሽ ሰላም በይልኝ፤ ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝና አትረሳኝም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ ዓመት የታክሲ ፍሬን ረግጦ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

ስልክሽ እዚያ ቴሃቻፒ ተራራሽ ላይ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። የምነግርሽ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩ።

ባለፈው ስናወራ፣ ከፋሲካ በኋላ እሜቴንም ግልገሎቹንም ሸጬ ካልቨር ሲቲ ወደ ቢሮ ሥራዬ እመለሳለሁ አልሽኝ። እናቴ በአሳማ ምክንያት ዓመት ሙሉ ካላናገረችኝ እርሻው ምን ያደርግልኛል አልሽ። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ።

ባለፈው የመጣሁ ዕለት ያ ባለትልቅ መኪና ሰውዬ ለልጁ ልደት አንድ ግልገል ሲጠይቅሽ ትዝ ይልሻል? ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ሣር አለህ ወይ፣ ጥላ አለህ ወይ እያልሽ መረመርሽው። የጥንት ዘር ነው፣ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር እያልሽ አስተማርሽው። ልጅሽን ለጋብቻ የጠየቀሽ አስመሰልሽው እኮ! መጨረሻ ላይ «አንዷን ብቻዋን አልሸጥም፤ ብቻዋን ከሆነች ታለቅሳለች» ብለሽ ባዶ እጁን ሸኘሽው። እኔ አጥሩን ተደግፌ፣ ይህች የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ፈለግሁ። ከእሜቴ በቀር ማንም አልነበረም።

ወደ ከተማ፣ ፌርፋክስ ስመለስ ዝም ማለት አቃተኝ። እናትሽ በምትሠራበት ምግብ ቤት፣ ምሳ ላይ፣ ለባለታክሲው ለለይኩንና ለጓደኞቹ አወራሁ። ውሸት ከአፌ አልወጣም። የእህቴ ልጅ መሬት ገዝታ እንስሳት ታረባለች አልኩ። ትናንሽ ናቸው፣ ፀጉራቸው ረጅም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሣር ይግጣሉ፣ ሆዳቸውን ሲያኩላቸው ተገልብጠው ይተኛሉ አልኩ። ምን እንደሆኑ የጠየቀኝ የለም። ያልተጠየቅሁትን ደግሞ አልመልስም፤ ታውቂኛለሽ።

ቅዳሜ፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ለይኩን መኪናውን ፓርክ አድርጎ ገባና፣ «ጋሼ፣ ሶ ለፋሲካ አንድ ወንድ ሪዘርቭ ያድርጉልኝ። ላቱ ሰፋ ያለ ይሁን» አለኝ። ከኋላው ያሉትም «ለእኛም! ለእኛም!» ይላሉ።

«ላት የላቸውም» አልኩ።

«ኦኬ፣ ቀንዳም ይሁን።»

«ቀንድም የላቸውም።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ምን ዓይነት በግ ነው?»

ሳቄም ላቤም እኩል ሊያመልጡኝ ሲሉ እናትሽ እጇ እንደራሰ ከወጥ ቤት ወጣች። ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ቤቱ ጢም ብሎ በጾመኛ ተሞልቷል። ጠረጴዛው ሥር ብገባ በወደድኩ።

«ለይኩን» አለች፣ «በግ ከፈለግህ ሌላ ቦታ ሂድ። አሳማዎች ናቸው። የልጄ ናቸው።»

ጉርሻ በአፉ የያዘ ሁሉ ማላመጡን አቆመ። ለይኩን «እትዬ፣ እንዴ፣ አሳማ? እኛ እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ «ብላ ያለህ የለም» አለችው። «ደግሞ ብትፈልግም አንድ ብቻውን አትሸጥልህም።» ብላ ተመልሳ ገባች።

ልጄ፣ ስለዚያ ባለመኪና ሰውዬና ስለመለስሽለት ቃል እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንቺ ስለ አሳማዎችሽ እየቀረጽሽ ኢንተርኔት ላይ የምትለቂውን ቪዲዮ ማን ማን እንደሚያይ ግን አላውቅም።

በጾሙ የማመጣልሽን ጆንያ ሙሉ የጎመን አገዳና የካሮት ጫፍ ከየት እንደማገኘው ጠይቀሽኝ አታውቂም። በጾም የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ከጎመን ሌላ ሥራ የለውም። እናትሽ ትርፉን አጥባ፣ ውኃውን አንጠፍጥፋ ትሰጠኛለች፤ «ለጓሮህ ማዳበሪያ» ትለኛለች። ሚድ ዊልሻየር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሰው ምን ጓሮ አለኝ? እሜቴ ከወለደች ወዲህ ደግሞ አገዳውን አድቅቃ ትከትፈዋለች። «ማዳበሪያ ይከተፋል እንዴ?» ብላት፣ «ዝም ብለህ ውሰድ» አለችኝ። እኔም ዝም ብዬ ወሰድኩ።

እና እሜቴን አትሽጫት። ቢያንስ እስከ ዳግም ትንሣኤ ገዢ አታናግሪ፤ ያን እሁድ እመጣለሁ። በሩ አጠገብ ያለውን ጭቃ ጠጠር አልብሺው። ቦት ጫማም ግዢ፤ የሴት፣ ቁጥር ሰባት። የእኔ እግር አሥራ አንድም እንደማይበቃው ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ለማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ።

እግዚአብሔር ሣርሽን ያለምልም፣ አጥርሽን ያጽናልሽ፣ ከቀበሮም ከቢሮም ይጠብቅሽ።

እኔው ነኝ፣
የእናትሽ ታላቅ ወንድም