በሂሳብ የጣልኩት አስተማሪዬ

ጥር 6
ቦሎቄው አረረብኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ፤ ድስት እንኳ መጠበቅ አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ ጓደኞቼ መጡ። የመሸኛ ስጦታ ብለው ፖስታ ሰጡኝ። ከፈትኩት... የሦስት ቀን የስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተት ትምህርት፣ ለጀማሪ!

ሃምሳ ስምንት ዓመት ከዚህ በረዷማ ተራራ ሥር ኖሬ ስኪ አጥልቄ አላውቅም። አባቴ “የወንድ ነው” ይል ነበር። ኋላ ደግሞ የፈተና እርማት አላላውስ አለኝ።

ባለቤቴ ኦታሪ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “ጎረቤት ልጥራ? ቃሬዛ የሚሸከም ያስፈልጋል።”
ስለሳቀብኝ እሄዳለሁ።

ጥር 8
አስተማሪው ባካር ነው! ሁለት ዓመት በተከታታይ በሂሳብ የጣልኩት ባካር። በዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን ተወ። ሰፈሩ ስሜን ጠርቶ “ናቴላ ናት ያባረረችው” ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያ ውስጥ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

“ቲቸር! እንኳን ደህና መጡ። የቤት ሥራ ሠርተው መጡ?”
ፊቱ ላይ ምንም የለም። እየቀለደ ነው? ወይስ...

ጫማውን ለማጥለቅ ብቻ ሃያ ደቂቃ። ተንበርክኮ ቆለፈልኝ።

“ሲንሸራተቱ ለመቆም የስኪዎቹን የፊት ጫፍ ያቀራርቡ፣ ተረከዝዎን ይክፈቱ። እንደ ሃቻፑሪ ቁራሽ።”
“ሁለት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ማለትህ ነው።”
“ቲቸር፣ እኔ የማውቀው የአይብ ዳቦውን ነው።”

ስድስት ጊዜ ወደቅሁ። አንዱን እንኳ ቆሜ ሳለሁ ነው።

ጥር 9
ሰውነቴ እንጨት። ኦታሪ ካልሲዬን አጠለቀልኝ። አልሳቀም። ትንሽ ሳቀ።

ጥር 10
ቁልቁለቱ መሃል ቆመን ትንፋሼን ስሰበስብ፣ አላስችል አለኝ።

“ባካር፣ እውነቱን ንገረኝ። ትምህርቱን የተውከው በእኔ ምክንያት ነው?”
ጓንቱን አስተካከለ።
“አዎ” አለኝ።

ኧረ አይደለም ይለኛል ብዬ ነበር እኮ...

“ሂሳቡን አልነበረም የምፈራው፤ እርስዎን ነው። አንድ ቀን ያልገባኝን ስጠይቅ ‘ድንጋይ ራስ’ አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እጄን አውጥቼ አላውቅም... ቲቸር፣ እየተንሸራተቱ ነው።”

እውነትም እየተንሸራተትኩ ነበር።

“ባካር፣ ይቅርታ...”
“ሃቻፑሪ! ሃቻፑሪ!”
“...ይቅርታ አድርግልኝ!”
“ተረከዝዎን ይክፈቱ!”

ሊይዘኝ ቀድሞኝ ወርዶ ከፊቴ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ጣልኩት።

እሱ በረዶው ላይ ተዘርሮ ይስቃል። እኔ አለቀስኩ መሰለኝ። ደግነቱ መነጽሬ በረዶ ሞልቶታል።

“ይቅር ብያለሁ፣ ቲቸር። አሁን ይነሱልኝ፣ እጄ ላይ ነዎት።”

ጥር 13
የመጨረሻው ቀን። ከላይ እስከ ታች ወረድኩ፣ ሳልወድቅ! ኦታሪ ታች ቆሞ ኖሯል፤ ሳይነግረኝ ነው የመጣው። “ሚስቴ ናት! ያቺ ቀይ ኮፍያ!” እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። አፈርኩ። ደስም አለኝ።

የካቲት 2
ትምህርቱ ቢያልቅም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባካር ሲያየኝ “ቲቸር፣ እስቲ እኚህ ሰውዬ አጠገብ ይቁሙልኝ” አለ፤ እሱ ሕፃናት ያስተምር ነበር። ሰውዬው ከዋና ከተማው ከትብሊሲ የመጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ወፍራም፣ ፈሪ።

“እንዴት ነው የሚቆመው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደቁ። ደግመው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ወደቁ። በሦስተኛው ‘ድንጋይ ራስ’ አፌ ላይ ደረሰ። በአራተኛው ሰውዬው ራሳቸው አፍረው “ይቅርታ እመቤቴ፣ አልገባኝም” አሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ስኪዬን አወለቅሁ። በረዶው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና በጣቴ የሃቻፑሪ ቁራሽ እየሳልኩ አሳየኋቸው።